ገጽ ስልሳ ሦስት ላይ የተገኘው ሟች

መጽሐፉ ከማተሚያ ቤት በመጣ በሦስተኛው ቀን፣ አበበች ገጽ ስልሳ ሦስት ላይ ሞቶ የተቀበረ ሰው አገኘች።

መነጽሯን አወለቀች፤ በነጠላዋ ጫፍ ወልውላ መልሳ አደረገች። ሰውየው አሁንም እዚያው ነበር።

«ጋሽ ወልዴ» አለች፤ ድምፅዋ ለጊዜው ለስላሳ ነው። «ሰይፈሚካኤል ምን ሊሠራ መጣ?»

«የትኛው ሰይፈሚካኤል?»

«ልብስ ሰፊው ነዋ! አምና የቀበርነው። በእህቴ መጽሐፍ ውስጥ ምን ይሠራል?»

ጋሽ ወልዴ ከተቀመጡበት ካርቶን ላይ ተነሥተው መጽሐፉን ተቀበሉ። «በተለይም አቶ ሰይፈሚካኤል ካላቸው ላይ ቀንሰው ለሌላቸው በማካፈል፣ የተጣላን በማስታረቅ፣ ያዘነን በማጽናናት በአካባቢያቸው ኅብረተሰብ ዘንድ የተመሰገኑ ነበሩ» ይላል። ከዚህ ዐረፍተ ነገር በፊት ያለችው ሚስታቸው ሸዋወርቅ ናት። ከዚህ በኋላ ያለችውም ሸዋወርቅ ናት። መሐል ላይ ልብስ ሰፊው እጁን አጣጥፎ ቆሟል።

«ደግሞ ማካፈል!» አለች አበበች፤ አሁን ድምፅዋ አልለሰለሰም። «ቁልፍ ሲተክል ክሩን እየለካ! ነፍሱን ይማረውና፣ ያ ሰው መርፌ እንኳን አውሶ አያውቅም።»

ጋሽ ወልዴ ካርቶኖቹን አዩ። ሦስት መቶ መጽሐፍ። የሸዋወርቅ ሙት ዓመት ሊደርስ የቀረው ዐሥራ ሁለት ቀን ነው፤ መጽሐፉ የሚመረቀውም በዚያው ዕለት ነው ተብሎ መጥሪያው ከተበተነ ወር አልፎታል።

ጋሽ ወልዴ፣ ሙሉ ስማቸው ወልደአማኑኤል፣ ከጡረታ በፊት በአዳማ መናኸሪያ ትኬት ቆራጭ ነበሩ። ሰው ግን የሚያውቃቸው በሌላ ሥራቸው ነው። ሃያ ሁለት ዓመት የእድራቸው ጸሐፊ ሆነው ሲያገለግሉ፣ አንድ አባል ባረፈ ቁጥር ቀብሩ ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ የሚጽፉት እሳቸው ናቸው። ሟች ከአባቱ ከእገሌ፣ ከእናቱ ከእገሊት የሚወለደው በእሳቸው ብዕር ነው። ዕድሜው ለትምህርት ሲደርስ ትምህርት ቤት የሚገባውም፣ በመጨረሻም «ባደረባቸው ሕመም በአገር ውስጥ በሕክምና ሲረዱ ቆይተው» የሚያርፈውም እንዲሁ። አንድ ገጽ ነው። ከአንድ ገጽ ከበለጠ ቀባሪው በአዳማ ፀሐይ ላይ ይንቃቃል፤ ካነሰ ቤተሰብ ይቀየማል። በዚያ ገጽ ላይ ሰካራም ኖሮ አያውቅም፤ ቆንቋናም፣ ነገረኛም የለም። ሁሉም ሰው አክባሪ፣ ሁሉም እንግዳ ተቀባይ ነው። «ሐዘንተኛ የሚፈልገው ማጽናኛ እንጂ ምርመራ አይደለም» ይላሉ ጋሽ ወልዴ፤ እውነታቸውን ነው።

አምና ሸዋወርቅ ስታርፍ ግን እጃቸው እምቢ አለ። ወረቀቱ ፊታቸው ተቀምጦ ስሟን እንኳን መጻፍ አቃታቸው። የእድሩ ሊቀመንበር በጥድፊያ ጻፈላቸውና የትውልድ ቦታዋን ስቶ አነበበው። ያ ነገር ሆዳቸው ገብቶ ቀረ። ልጅ አልነበራቸውም። «ቁርጥ እናቷን!» የምትባል ሴት ልጅ፣ በአካሄዱ እሷን የሚመስል ወንድ ልጅ፣ ከኋላዋ ማንም የለም። የአዳማ ገበያ የሽንኩርት ነጋዴዎች ሁሉ የሚፈሯት፣ የሚወዷት ሸዋወርቅ፣ ያወቋት ሰዎች አንድ በአንድ ሲያልፉ አብራቸው ልትጠፋ ነው። እንዳትጠፋ መጽሐፍ ልጻፍላት አሉ።

እንግዲህ መጽሐፍ ጽፎ የማያውቅ ሰው የሚሳሳተውን ሁሉ ተሳሳቱ። ገና አንድ ገጽ ሳይጽፉ የምረቃውን ቀን ቆረጡ፤ መጥሪያው ከመጽሐፉ በፊት ታተመ። ሊቀመንበሩን መቅድም ቢያስጽፉት፣ የቀድሞ የመናኸሪያ አለቃቸው «እኔ ሞቻለሁ ወይ?» ብለው ተቀየሙና እሳቸውም ጻፉ፤ የሁለቱን የሰማ የደብሩ ሰባኪ ሦስተኛ ጨመረ። በዚህ የተነሣ ሸዋወርቅ ወደ ገዛ መጽሐፏ የምትገባው ገጽ ሃያ አንድ ላይ ነው። ሽፋኑ ላይ የእሷ ፎቶግራፍ አንሶ የእሳቸው ገዘፈ፤ የእሷ ከመታወቂያ ላይ የተወሰደ ስለሆነ ሲያሳድጉት ይደበዝዛል ተባለ። መጽሐፍ ሳይታተም የሚያነብና የሚያርም ሰው እንደሚያስፈልግ የነገራቸውም ነበር። «እኔ እያለሁ የገዛ ሚስቴን ማን ያርምልኛል?» ብለው መለሱት።

በማግሥቱ ጠዋት መጽሐፉን በብብታቸው ይዘው ወደ ሶረቲ ሄዱ። ሶረቲ በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ማመልከቻ የምትጽፍ፣ ፎቶ ኮፒ የምታነሣ ሴት ናት። ለዐሥራ አንድ ዓመት የእድሩን የሕይወት ታሪኮች፣ ዘንድሮ ደግሞ መጽሐፉን በኮምፒውተር የጻፈችው እሷ ናት።

«ምን በደልኩሽ?» አሉ ገና ከበሩ።

«ውይ ጋሼ፣ መጀመሪያ ይቀመጡ እንጂ።»

«አልቀመጥም! ሚስቴን ከሰይፈሚካኤል ጋር አገናኝተሻታል።»

ፎቶ ኮፒ ሊያስነሣ የቆመ ሰውዬ ቀና ብሎ አያቸው። ሶረቲ ገጹን አየችና አፏን በእጇ ያዘች።

«አንዷ አምልጣኛለች! አምስት ቦታ ላይ ቀይሬው ነበር እኮ።»

«ምኑን?»

«ስሙን። እርስዎ አይደሉ እንዴ የደወሉልኝ? ‹ለሰይፈሚካኤል ስለ ደግነት የጻፍኩት ጥሩ ነበር፤ እሱን አውጪና እዚህ አስገቢው› ብለው?»

ብለው ነበር። ቀኑ ሲያጥርባቸው፣ እጃቸው ሲዝል፣ ብለው ነበር። ጋሽ ወልዴ ተቀመጡ።

«እሱን እንኳን ይተዉት» አለች ሶረቲ፣ የኮምፒውተሩን ፊት ወደ እሳቸው እያዞረች። «ምዕራፍ አራትን ይዩት። ‹ትዕግሥት› የሚለውን። ይሄ የዳቦ ቤቷ እማማ የሕይወት ታሪክ ላይ ያለ ነው። ምዕራፍ ስድስት ደግሞ የባቡር ጣቢያው ዘበኛ። እነዚህን አምጪ አላሉኝም፤ በእጅዎ እንደ አዲስ ጽፈው ነው ያመጡልኝ። ቃል በቃል! ሁለት መስመር ስጽፍ አወቅሁት፤ ከዚያ ከድሮው አንሥቼ ለጠፍኩት። መጽሐፉን በሁለት ቀን ስጨርስልዎ እጄን ስመው መርቀውኝ የለ?»

ጋሽ ወልዴ ሁለቱን ጽሑፎች ጎን ለጎን አዩ። የአንዱ ኮማ እንኳን ከሌላው አይለይም።

«ያኔ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ሐዘንተኛ ነበሩ፣ ጋሼ። ሐዘንተኛን ምን ይሉታል?»

ሶረቲ አሳዘኗት መሰለኝ ቶሎ ብላ መላ አመጣች። «አይጨነቁ። ስሟን በተለጣፊ ወረቀት አትሜ፣ ቆራርጬ እሰጥዎታለሁ። ከነ‹አቶ›ው ሰይፈሚካኤል ላይ መለጠፍ ነው። ማንም አያውቅም።»

ከሰዓት በኋላ ከአበበች ጋር ወለሉ ላይ ቁጭ ብለው መለጠፍ ጀመሩ። አበበች ገጹን ትገልጣለች፣ እሳቸው ይለጥፋሉ። የመጀመሪያዋ ቁራጭ ልክ ገጠመች። ጋሽ ወልዴ ዐረፍተ ነገሩን አነበቡት፤ ምንም እንከን የለውም። ያስፈራቸውም ይኸው ነው። እዚያ ቦታ ላይ የሊቀመንበሩ ስም ቢለጠፍ ይገጥማል። የእሳቸውም ይገጥማል። የከተማው ሰው ሁሉ ተራ ገብቶ ቢለጠፍ ይገጥማል።

«አደራ» አለች አበበች ገጽ እየገለጠች፣ «የእኔ ቀን ሲደርስ በሸዋዬ ላይ ደርባችሁ ለጥፉኝ። ወረቀትም አይባክን።»

«አበበች፣ ምላስሽን ሰብስቢ።»

«እኔ ምን አልኩ? ሰው አክባሪ፣ ትዕግሥተኛ ነኝ።»

አርባኛው ላይ ሲደርሱ ጋሽ ወልዴ ወገባቸውን ይዘው ተነሡ። ለጂቱ መጥሪያዋን ራሴ ላድርስላት ብለው፣ በነጋታው የተለጠፈበትን አንድ መጽሐፍ ይዘው ሞጆ ድረስ በአንድ ሚኒባስ፣ ከሞጆ በሌላ ተሳፍረው ዓለም ጤና ወረዱ።

ጂቱ ሸዋወርቅ ለዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሽንኩርት የገዛቻት ገበሬ ናት። ሸዋወርቅ በሳምንት ሁለት ቀን በአይሱዙ እዚህ ትመጣ ነበር። ጋሽ ወልዴ ግን አንድም ቀን አብረዋት መጥተው አያውቁም። ሰው እየጠየቁ ሲደርሱ፣ ጂቱ ከጎመኑ ማሳ ዳር ዳስ ሥር ተቀምጣ የተነቀለ ሽንኩርት ቅጠሉን ትቆርጣለች።

«አከም፣ ወልዴ! ምነው አንተ፣ ከቀብሩ ወዲህ አጥንት ብቻ ቀረህ?» ጂቱ በአማርኛ «እርስዎ» አትልም፤ የወረዳውንም አስተዳዳሪ «አንተ» ነው የምትለው። ከጎኗ አንድ የሞላ ማዳበሪያ በእጇ መታ መታ አደረገችና አስቀመጠቻቸው።

መጥሪያውን ሰጧት። መጽሐፉንም ሰጧት። ገልብጣ፣ አገላብጣ አየችና መለሰችላቸው። «የአማርኛ ፊደል አላውቅም። አንብብልኝ።»

ጋሽ ወልዴ ጉሮሯቸውን ሁለት ጊዜ ጠርገው፣ መጽሐፉን ከዐይናቸው አርቀው ይዘው፣ ምዕራፍ አራትን ጀመሩ። «እኚህ ደግ እናት ትዕግሥትን እንደ ሸማ የተጎናጸፉ፣ ክፉ ቃል ከአንደበታቸው የማይወጣ፣ በንግግራቸው ለዛ፣ በአካሄዳቸው ጭምት…» ጂቱ ቢላዋዋን ሳታቆም ሰማች። ሁለት ገጽ አነበቡላት። ሲጨርሱ ቢላዋዋን አስቀመጠች።

«ጥሩ ሴት ነበረች» አለች በአክብሮት። «ነፍስ ይማር። እናትህ ናት?»

«ጂቱ፣ ሸዋወርቅ እኮ ናት።»

«ሸዌ?» መጽሐፉን ከእጃቸው ወስዳ፣ ማንበብ ባትችልም፣ ገጾቹን እንደ ሽንኩርት ጆንያ እያገላበጠች ፈተሸቻቸው። «ሸዌ እዚህ የለችም። ክፉ ቃል የማይወጣት? ሽንኩርቴን በሰው ፊት ‹የአይጥ ራስ› ያለችው ማን ነው? ማዳበሪያዬ ሚዛን ላይ ሲወጣ በጉልበቷ ከሥር እየደገፈች ኪሎ የምትሰርቀኝስ?»

«ሸዋወርቅ? ትሰርቅሽ ነበር?»

«ኤዬ! እኔስ እርጥቡን ከሥር፣ ደረቁን ከላይ አላደርግባትም? እሷም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት! ሌላ ነጋዴ መጥቶ በትክክል ልግዛሽ ቢለኝ አልሸጥለትም። ምን ጨዋታ አለው?» ከዚያ ድንገት ወደ እሳቸው ዞረች። «በሬዬ የሞተ ቀን ያደረገችውን ነግራህ አታውቅም?»

«አልነገረችኝም።»

ጂቱ ተነሣች። ከማሳው አንድ ትልቅ የጎመን ቅጠል ቀጠፈች። ማዳበሪያ ላይ ወጥታ ቆመች። ጉሮሮዋን ጠረገች፤ አንድ ጊዜ፣ ደግሞ አንድ ጊዜ። ቅጠሉን ከዐይኗ አርቃ ያዘች። ጋሽ ወልዴ የራሳቸውን አነባበብ አወቁት። ከዚያ ጂቱ አፏን ስትከፍት የወጣው አማርኛ የእሷ አልነበረም። በአፍንጫ በኩል ትንሽ የሚያልፍ፣ መጨረሻው ላይ ሳቅ ያፈነ፣ የሸዋወርቅ አማርኛ ነበር።

«ሟች አቶ ዳለቻ ከአባታቸው ከአቶ ጉራቻ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ ቡሬ በዓለም ጤና ከተማ አካባቢ ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለቀንበር ሲደርስ ቀንበር ገቡ። ሰው አክባሪ፣ ሣር ተቀባይ፣ ካላቸው ላይ ቀንሰው ለዝንብ የሚያካፍሉ ነበሩ። ባደረባቸው የሆድ መነፋት በአገር ውስጥ በጅራፍ ሲረዱ ቆይተው…»

ጋሽ ወልዴ ሳቁ። መጀመሪያ በአፍንጫቸው፣ ከዚያ በትከሻቸው፣ ከዚያ መጽሐፉ ከጭናቸው ወደቀና በሁለት እጃቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። ዓመት ሙሉ ድምፅዋን ለማስታወስ ሲታገሉ የሚመጣላቸው የመጨረሻው ወር ሳል ብቻ ነበር። ሳል የሌለው ድምፅዋ እዚህ ማሳ ውስጥ ተቀምጦ ኖሯል።

«ድገሚው» አሉ።

ደገመችላቸው። ሦስተኛም አስደገሟት።

«ታሾፍብኝ ነበር ማለት ነው» አሉ በመጨረሻ፣ ዐይናቸውን በመዳፋቸው እየጠረጉ።

«አዎ፣ ታሾፍብህ ነበር። ሌላ ሰው ግን አይችልም። አንድ ደላላ ‹የሬሳ ጸሐፊ› ብሎ ቢስቅብህ በሽንኩርት ግንባሩን አለችው። የእኔን ሽንኩርት እኮ ነው! ‹አየሽ፣ ለዚህ እንኳን ይሆናል› አለችኝ።» ጂቱ ከማዳበሪያው ወርዳ ቅጠሉን ለሁለት ቀደደችና ጣለችው። «ያን ቀን ለበሬዬ አልቅሼ ዐይኔ አብጦ ነበር። አሳቀችኝ። ከዚያ ደግሞ መኪናዋን ልካ እሷ ቀረች፤ አብራኝ አለቀሰች። ይሄን ጻፍከው?»

«አላወቅሁትማ።»

«እህ! የምታውቀውስ?»

ቤት ሲመለሱ አበበች ብቻዋን መቶኛው ላይ ደርሳለች። «ተዪው» አሏት። አንድ አዲስ ደብተር ገዝተው ነበር የገቡት።

የሚያውቁትን መጻፍ ከለመዱት ሁሉ የከበደ ሆነ። «እንግዳ ተቀባይ» ብለው ይጀምሩና፣ የትኛውን እንግዳ፣ መቼ፣ ምን አብልታ ብለው ራሳቸውን ሲጠይቁ ይሰርዙታል። ብዙዎቹ ትዝታዎች የሚያሳፍሩት እሷን ሳይሆን እሳቸውን ነበር። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ሁለት መቶ ሰው የቀበረ ብዕር፣ በዘጠኝ ቀን አራት ገጽ ብቻ ጻፈ።

የሙት ዓመቱ ዕለት ከጸሎት መልስ ድንኳኑ ሞላ። የገበያው ሽንኩርት ነጋዴዎች አንድ ጎን ያዙ፣ እድርተኛው ሌላውን። ጂቱ በነጭ ሻሽ መጥታለች፤ ሶረቲም ከኋላ አለች። ሰው በልቶ ሲያበቃ ሊቀመንበሩ ከረባቱን አስተካክሎ ተነሣ።

«አሁን በጉጉት ወደምንጠብቀው ወደ መጽሐፉ ምረቃ…»

«መጽሐፉ አይታደልም» አሉ ጋሽ ወልዴ።

«ምነው፣ ተሸጦ አለቀ?» አለ አንዱ ነጋዴ።

«ገና አልተጻፈም።»

«እንዴ ጋሽ ወልዴ!» አለ ሊቀመንበሩ። «መቅድሜስ?»

«መቅድምህ ተጽፏል። የቀረው መጽሐፉ ነው።»

ነጋዴዎቹ በኩል ሳቅ ፈነዳ፤ እድርተኛው በኩል ግን ማንም አልሳቀም። ሰባኪው ወደ ድንኳኑ ጣራ አየ። ጋሽ ወልዴ ደብተሩን ከኮታቸው ኪስ አወጡ። ጉሮሯቸውን ሊጠርጉ አሉና ተዉት።

«ሸዋወርቅን ባገባሁ በሦስተኛው ወር» ብለው አነበቡ፣ «ከዓለም ጤና መጥታ አጠገቤ ስትቀመጥ ሽንኩርት ሽንኩርት ሸተተችኝ። እኔ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ ብዬ እኮራ ነበር። ሳትታጠቢ አጠገቤ አትቀመጪ አልኳት። ጫማዋን አድርጋ እህቷ ቤት ሄደች። ሦስት ቀን ቆየች። ይቅርታ አልጠየቅኳትም። ተመልሳ የመጣችው በራሷ ነው፤ ስትገባም አንድ እፍኝ የተላጠ ሽንኩርት ትራሴ ሥር አስቀምጣ ምንም ሳትል ተኛች። ያን ሽንኩርት ማንሣት ፈርቼ ሳምንት ተኛሁበት።»

ቆሙ። እድርተኛው ሟች እንዲህ ሲነሣ ሰምቶ አያውቅም፤ መሳቅ ይገባ እንደሆነ፣ ማልቀስ ይገባ እንደሆነ አላወቀም። ጋሽ ወልዴ «አበላሸኋት» አሉ በልባቸው። ዓመት ሙሉ የደከሙላትን ሴት በአንድ ገጽ አዋርደው የቀበሯት መሰላቸው።

«ውሸት ነው!»

አበበች ናት። ከሴቶቹ መሐል ተነሥታ ቆማለች።

«ሦስት ቀን አይደለም፤ አምስት ነው። እኔ ነኝ ያበላኋት! ደግሞ አትቀመጪ አላሏትም። እሱንማ ቢሏት መች ትሄድ ነበር? መልሳ ትሰድብዎት ነበር እንጂ። ‹አፍ አውጥቶ ቢናገረኝ ምን ነበረበት? ዝም ብሎ ተነሥቶ መስኮት ከፈተ› ብላ ነው እያለቀሰች የመጣችብኝ።»

«እሷንማ አውቃታለሁ!» አለች አንዲት ነጋዴ ጮክ ብላ። «ዝም የሚላትን ሰው አትወድም። እኔን አንድ ጊዜ…»

«ቆይ፣ የእኔን ላስቀድም» አለ ከወዲያ ሌላው፤ ጂቱም «ሚዛኑን! ሚዛኑን ንገራቸው!» ትላለች፤ አንድ የእድሩ ሽማግሌም ሳቃቸውን በነጠላቸው አፍነው እጃቸውን አነሡ።

ጋሽ ወልዴ አልሰሟቸውም። ተነሥተው መስኮቱን መክፈታቸው ትዝ አላቸው። የመዝጊያው ብረት በእጃቸው ላይ እንዴት እንደቀዘቀዘ ትዝ አላቸው፤ ከኋላቸው ዝም ማለቷም። ከሊቀመንበሩ ደረት ኪስ እስክሪብቶ መዘዙ። «ሦስት» የሚለውን ሰርዘው «አምስት» ጻፉ። ከላዩ «አትቀመጪ አልኳት» የሚለውን መስመር በሙሉ ሰረዙና ቀና አሉ።

«አበበች» አሉ፣ «የትኛውን መስኮት?»

«የመንገዱን።»

ጻፉት።